ቀሪ ሦስት

ቲሙዴር፣ ጃንዋሪ 9

ውድ ታራሙ ሰርሙ፣

ሩዝ በልተዋል ወይ? ጉልበትዎስ እንዴት ሰነበተ? መልሴን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱንም ተማሪዎ ሳለሁ ተጠቅሜባቸው ስለጨረስኩ ተውኳቸው። ሰነፍኩ፣ በቃ።

ሁላችንም ደህና ነን። ስለ አውሮፕላኖቹ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ይሰማሉ። እስካሁን በላያችን አልፈው ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት። የልጆቹ አባቶች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አምስት መሸሸጊያ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አናቱን በግንድና በአፈር ሸፍነውልናል። ቁፋሮው አራት ቀን ፈጀ፤ ልጆቹም አራቱን ቀን ትምህርት ስለቀረላቸው ሲፈነጥዙ ሰነበቱ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ያስተምሯቸው ነበር። እኔ ያን ያህል አልጨከንኩም።

ምን አቃተሽ ላሉኝ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ማካፈል። መደመርና መቀነሱን እንደ ውኃ ጠጥተውታል። ማባዛቱንም በዜማ ያዙት። ማካፈሉም ቢሆን እኩል እስከወጣ ድረስ ችግር የለበትም። ቀሪ የመጣ ዕለት ነው ጉዱ። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሰባት ቁራጭ የዱር አሳማ ሥጋ ለአምስት ቤት ሲካፈል ስንት ስንት ይደርሳቸዋል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሦስት ሦስት ደርሷቸው ቀሪ ሁለት የሚሉኝ መስሎኝ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። የሌርጌ ልጅ ቶኔ ተነሣና ሁለቱ ለምን ተረፉ አለኝ። አይካፈሉማ አልኩት።

«ሰውየው ገጀራ የለውም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምን ላድርግ ታራሙ፣ መምህርቴ፣ የሰፈሩን ሰው እርስዎ ያውቁታል፤ ወንዙን ተሻግረው ስደተኞች ካምፕ ሳይገቡ አርባ ዓመት ኖረውበታል። አደን የገባ ዕለት አንድ ጭልፋ ሆድ ዕቃም ብትሆን ለየቤቱ ትዳረሳለች፤ በመንገድ ሲያልፍ የተገኘ እንግዳ እንኳ ድርሻ አለው። እዚህ አገር ሥጋ ተርፎ ዳር ሲቀመጥ ያየ ልጅ የለም። ቀሪ ስላቸው የሆነ ሰው የበደልኩ ይመስላቸዋል። አርባ ሦስት ልጅ፣ አርባ ሦስት ገጀራ።

የማርች ፈተና ግማሹ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው። የወደቀ ልጅ ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት አይሻገርም። የምትሰማኝ የክፍል አለቃዬ ኤክሉ ብቻ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤ ያልኳትን ሁሉ እንደ ሕግ ነው የምትይዘው። እናቷና ሌርጌ በሄል ቅመም ማሳ ድንበር ከተኳረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ቢሆንም፣ ልጆቹ አብረው ይጫወታሉ።

እባክዎ አንድ ዘዴ ይላኩልኝ። ደብተርም ቢገኝ አልጠላም።

ልጅዎ ፖዋ


ካምፑ፣ ጃንዋሪ 20

ፖዋ፣

ሩዝ በልቻለሁ፤ ለዚያውም ከነጠጠሩ። ጉልበቴን አትጠይቂብኝ፤ ስሙ ሲጠራ ይብስበታል።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ ያንቺ ነው። የሚቆረጥ ነገር ሰጥተሽ አትቁረጡ ትያቸዋለሽ። ሥጋ የሰጠሽው ልጅ ይቆርጠዋል። ሙዝ የሰጠሽው ይገምሰዋል። ምን ያድርግ ታዲያ፣ አእምሮ ያለው ልጅ ነው። የማይቆረጥ ነገር ስጫቸው። ልጅ አይቆረጥም። ራሳቸውን አካፍያቸው።

ወደ ውጭ አውጫቸውና በቡድን በቡድን አቁሚያቸው። ቡድኑ ከሞላ ሞላ ነው። የተረፈው ዳር ቆሞ ቀሪ መሆኑን በራሱ አፍ ጮኾ ይናገር። ልጅ በእግሩ የተማረውን አይረሳም። አንቺን ራሱ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ፤ ሁለት ጊዜ ቀሪ ሆነሽ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሰሻል፤ ይኸው መምህርት ሆንሽ።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ። ልብሽ ቡቡ ነው፣ አውቅሻለሁ። ቡድኑ ከሞላ በኋላ የመጣው ልጅ ቢለምንም ቢያለቅስም አይገባም። እዚያ ላይ ከተላላሽ የምታስተምሪው ማካፈል መሆኑ ቀርቶ ድግስ ይሆናል። አለቃ ያደረግሻት ልጅ ቆፍጣና ናት ካልሽ ቆጠራውን ለእሷ ስጫት።

ደብተር አርባ ሦስት ለምኜ አርባ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ዝሆን አለበት፤ ዝሆኑ አሳማ ይመስላል፣ ግን ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጀልበኛው መምጫውን አስቀድሞ ይልክብሻል፤ ራስሽ ወንዝ ወርደሽ ተቀበይ፤ ሌላ ሰው ከላክሽ አርባው ሠላሳ ሆኖ ነው የሚደርስሽ። ሦስቱ ልጆች ያምናው ፈተና ጀርባ ላይ ይጻፉ። የሌርጌ ልጆች እንዴት እንደሆኑ ጻፊልኝ፤ አባታቸውን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ የሚቆጣ ልጅ ነበር።

ሰርሙ


ቲሙዴር፣ ፌብሩዋሪ 2

ውድ ታራሙ፣

እርስዎን ማመስገን ይከብዳል፤ ይኮራሉ። ግን ሠራ።

ሜዳው ጠባብ ስለሆነ በጉድጓዶቹ ተጠቀምኩ፤ የሽሽት ልምምዱም የሒሳብ ትምህርቱም ባንዴ ተገላገለልኝ። በዚያ ሳምንት የስምንት ብዜት ላይ ስለነበርን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ስምንት ልጅ አልኩ። ጉድጓዱ እንኳ ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ለሒሳቡ ብዬ ነው። አርባ ሦስት ለስምንት ሲካፈል አምስት፣ ቀሪ ሦስት። ፊሽካ ስነፋ ይሮጣሉ። ኤክሉ የቀርከሃ በትር ይዛ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረች ትቆጥራለች፤ ስምንት ሲሞላ በትሯን አፉ ላይ አግድም ትዘረጋለች። በመጨረሻ ራሷን ስምንተኛ አድርጋ አምስተኛው ውስጥ ትገባለች። የተረፉት ሦስቱ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር እጃቸውን አጣጥፈው ይቆሙና በአንድ ድምፅ «ቀሪ ሦስት» ብለው ይጮኻሉ። ያኔ ሌላው ሁሉ ከመሬት ሥር ሆኖ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምተው አያውቁም።

የመጀመሪያው ቀን ቶኔ አስቸግሮን ነበር። ቦታ አለ፣ ጠጋ በሉ ብሎ ሊገባ ሲል ኤክሉ ቅልጥሙን በበትሯ አቀመሰችው። እያነከሰ እኔ ዘንድ መጣ። እኔም የእርስዎን ፊት ለብሼ፣ ሞልቷል ከተባለ ሞልቷል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠጋ በሉ የሚል ጠፋ።

ስለ ሌርጌ ልጆች ለጠየቁኝ፣ ቶኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክፍሉን ሲያስቅ ይውላል። እህቱ ዲዲ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ እግሯ አጠር ስለሚል ቶሎ አትደርስም፤ እሱም እሷን ሲጠብቅ አብሯት ይቀራል። ሦስተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴዋ ናት፤ ከታችኛው መንደር ተፈናቅላ ከአያቷ ጋር የመጣች አዲስ ልጅ ናት፤ ወዴት እንደሚሮጥ ገና አልለመደችውም። ማንጎው ሥር ጠጠር ይጫወታሉ፤ የከፋቸው አይመስሉም።

ትናንት ፈተንኳቸው። ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ ቀሪውን በትክክል ጻፉ። አንዳቸውም ገጀራ አልጠየቁም።

ልጅዎ ፖዋ


ቲሙዴር፣ ፌብሩዋሪ 27

ውድ ታራሙ ሰርሙ፣

ሩዝ በልተዋል ወይ? ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ።

ደብተሮቹ ደርሰዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁሉም ተዳርሷል። ዝሆኑንም ወደውታል።

ሙቀቱ ገብቷል፤ ወንዙም ጎድሏል። አሁን የምንማረው ወንዙ ዳር ካለው ቀርከሃ ውስጥ ነው፤ ነፋሻ ስለሆነ ይሻላል። ሰሌዳ ስለሌለን ጠመኔ አይላኩ። ፈተናው ወደ ኤፕሪል ተራዝሟል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ካምፑ ውስጥ አሥር ዓመት ለሆናት ልጅ ማደሪያ ይገኝ ይሆን? ብቻዋን ነው የምትመጣው። ጎበዝ ናት፣ አታስቸግርም። ለምን እንደሆነ ለአሁኑ አይጠይቁኝ።

ፖዋ


ካምፑ፣ ማርች 5

ፖዋ፣

የጻፍሽልኝ ስለ ነፋስና ስለ ዝሆን ነው። ሌላ ሰው አሞኚ።

አርባ ደብተር ነው የላክሁት። አርባ ሦስት ልጅ ነው ያለሽ። «ለሁሉም ተዳርሷል» ትይኛለሽ። መቀነስን ያስተማርኩሽ እኔ መሆኔን ረሳሽው? ሦስቱ የት ሄዱ? ሰሌዳውስ የት ሄደ? ነፋስ ፍለጋ ትምህርት ቤቱን ጥሎ ቀርከሃ ውስጥ የሚገባ መምህር አላየሁም።

ጀልበኛውን ያዝኩት። ያ አፉ የማይዘጋ ሰው እግሬ ሥር ያለውን መሬት እያየ ከእሷ ስሚው አለኝ። በካምፑ ሐኪም ቤት ከእናንተ መንደር አንዲት ሴት ክንዷን ተሰፍታ ተኝታለች። የገጀራ ቁስል ነው። ማን መታሽ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳጣራ ለካስ የኤክሉ እናት ናት። ማደሪያ የለመንሽላት ልጅ ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ።

ተቆጥቻለሁ። የሞቱትን በስማቸው ጻፊልኝ። እንዴት እንደሞቱ ጻፊልኝ። ካንቺ ነው መስማት የምፈልገው፤ ስለ ነፋስ ከጻፍሽ ግን ደብዳቤውን መልሼ እልክልሻለሁ።

ሰርሙ


ቲሙዴር፣ ማርች 11

ታራሙ፣

ቶኔ። ዲዲ። ሴዋ።

ፌብሩዋሪ 16፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ አልነበርኩም። ደብተሩን ለመቀበል ወንዝ ወርጄ፣ ክፍሉን ለኤክሉ አደራ ሰጥቼ ነበር። ጀልበኛው ጋር ቆሜ በዝሆኑ ስንስቅ ነው ድምፁ የመጣው። ሮጥኩ። ዳገቱን ሳልጨርስ መሬቱ ተነሣና መልሶ መታኝ።

ስደርስ ትምህርት ቤቱ የለም። ማንጎው ከወገቡ ተቆርጧል። ከአምስቱ ጉድጓድ ግን አንዱም አልተነካም። ልጆቹ አፈር ለብሰው ይወጡ ጀመር፤ እኔም እየጮኽኩ እቆጥራለሁ። አርባ። ኤክሉ በትሯን እንደያዘች ከአምስተኛው ወጣችና፣ ሦስቱ ማንጎው ሥር ናቸው አለችኝ። እንደተማረችው ነው የነገረችኝ፣ ቀጥ ብላ ቆማ። ሌላ የማየው ጠፍቶ ወደ ማንጎው ሄድኩ። ሴዋን በቀሚሷ ነው የለየናት። የቶኔን እጅ ሌርጌ ራሱ በማግስቱ ቅርንጫፍ ላይ አገኘው።

ልጆቹ በየቤታቸው የሆነውን ተናገሩ። ቶኔ እህቱን እየጎተተ አምስተኛው አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሴዋም ተከትላቸው ነበር። ኤክሉ ሞልቷል ብላ በትሯን ዘረጋች። አልለመነም፤ ጠጋ በሉ አላለም። ሁለቱን ይዞ ወደ ማንጎው ሄደ። ከዚያ «ቀሪ ሦስት» ብሎ ሲጮኽ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተውታል። እየሳቀ ነበር ይላሉ። ልምምድ መስሎት ይሁን፣ ሌሎቹን ሊያስቅ ይሁን አላውቅም። ያን ጉድጓድ ከዚያ በኋላ ገብቼ ለካሁት። አሥራ ሁለት ልጅ ይይዛል።

ሳላስተምራቸው በፊት ቢሆን ኖሮ ይጠጋጉላቸው ነበር፤ እሱን ነው የማልረሳው። እነዚህ ልጆች ሰው ውጭ ማስቀረት አያውቁም ነበር። እኔ ነኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ በፊሽካ ያለማመድኳቸው።

ቀብሩ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሌርጌ ገጀራውን ይዞ የኤክሉ ቤት ሄደ። በሄሉ ማሳ ቂም ልጆቼን አስገደለችብኝ ነው የሚለው፤ ሰውም አምኖታል። እናቲቱ ዘነዘና ይዛ መሰላሉ ላይ ቆመችበትና ክንዷን ቆረጣት። ልጅቷ ከላይ ነበረች። መውጣት ሲያቅተው ቤቱ የቆመባቸውን ረጃጅም ምሰሶዎች ከሥር ይቆርጥ ጀመር። ሁለቱን ጥሎ ቤቱ ሲያዘነብል ነው ሰዎች የደረሱላቸው። እንደያዙት ሆኖ፣ ከፋሲካ በፊት ያቺን ልጅ ከልጆቼ ጎን እቀብራታለሁ ብሎ ማለ። የማለበትን ነገር ሲተው ያየው የለም።

ኤክሉን የሩዝ ጎተራዬ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ፋሲካ ኤፕሪል 9 ነው። ትናንት ምግቧን ሳቀብላት እጄን ያዘችኝ።

«ስምንት አይደል ያሉኝ?»

አዎ አልኳት። ለእሷ ብቻ፣ በሹክሹክታ። ስምንቱን ማን እንደሰጣት እስከዛሬ የጠየቀ ሰው የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ እኔን ያጽናናኛል፤ ሩዝ ያመጣልኛል። ሌርጌ ራሱ በቀብሩ ላይ ትከሻዬን ደግፎ ይዞኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገረው? ፈራሁ፣ ታራሙ። ሌላ ስም የለውም። ልጅቷን ይውሰዱልኝ።

ፖዋ


ካምፑ፣ ማርች 15

ፖዋ፣

አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሰዎች ታመመች ብለው አንሥተው አስገቡኝ።

ልጅ አይቆረጥም ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ቢለምንም ቢያለቅስም አይገባም ያልኩሽም እኔ ነኝ። ያንን ደብዳቤ ስጽፍ ብልህነቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስታውሰው ያስመልሰኛል። ስለዚህ የምነግርሽን ከላይ ሆኜ እንደምፈርድብሽ አትይው። አብረን ነን።

ለልጅቷ ማደሪያ ጠይቄያለሁ፤ ይገኛል። ግን አላመጣትም። ወንዙን ከተሻገረች ነፍሰ ገዳይ ተብላ ነው የምትሻገረው። እኔ ዘንድ እየበላች እየጠጣች ታድጋለች፤ ያቺ በትር ግን እስከ እርጅናዋ ከእጇ አትወርድም። እናቷም ወደ ተቆረጠ ቤቷ መመለስ አትችልም። አንቺ ደግሞ የሰው ሩዝ እየበላሽ ትኖሪያለሽ። ይህ ማዳን አይደለም፤ ጥፋትሽን አስይዘሽ ማስወጣት ነው።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት የሚሰጥበት ሰዓት አለ አይደል? ማንም ተነሥቶ የሚናገርበት። ተነሺ። ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ በይ። ጉድጓዱ አሥራ ሁለት ይይዝ ነበር በይ። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው በይ። የእኔንም ስም ጥሪ፤ የጻፍኩልሽን አንብቢላቸው።

ይመታሻል። ሊገድልሽም ይችላል፤ አላታልልሽም። ይህን ወንዝ ማዶ በሰላም ተቀምጬ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ጉልበቴ ዳገቱን ቢያወጣኝ ኖሮ አጠገብሽ እቆም ነበር። አንቺ አዋቂ ነሽ፤ እሷ አሥር ዓመቷ ነው። ከሁለታችሁ ገጀራ ፊት መቆም ያለባት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

ልጄ ነሽ። ጻፊልኝ፤ ካልቻልሽም አጽፊልኝ።

ሰርሙ


ቲሙዴር፣ ኤፕሪል 10

ለታላቋ ታራሙ ሰርሙ፣

ሩዝ በልተዋል ወይ? እኔ ኤክሉ ነኝ። ታራሙ ፖዋ ቀኝ እጃቸው ስለተሰበረ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። «ደህና ነኝ በይ፣ እጄ እየዳነ ነው በይ፣ ስለ ሐሙስ ምንም አትጻፊ» ብለውኛል። አሁን ሊታጠቡ ወንዝ ወርደዋል። እጃቸው እየዳነ አይደለም፤ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ።

ማርች 26 ቀን በቤተ ክርስቲያን ተነሡ። እኔን ከጎተራው አውጥተው በር አጠገብ፣ ከሹሙ ሚስት ጋር አስቀምጠውኝ ነበር። ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። ጉድጓዱ አሥራ ሁለት ይይዛል አሉ። ቶኔ ጠጋ በሉ ብሎ እንደነበርና እሳቸው እንደከለከሉት ተናገሩ። የእርስዎንም ደብዳቤ አነበቡ። ስለ ልጅ አለመቆረጥ ያለው ጋ ሲደርሱ አጎት ሌርጌ ተነሣ።

ገጀራውን በር ላይ ትቶት ነበር፤ እኔ አጠገብ ነበር። መጥቶ ሲያነሣው አየኝ። ከዚያ ተመለሰ። ታራሙ አልሮጡም። እጃቸውን ብቻ ፊታቸው ላይ አደረጉ። ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ በጀርባው መታቸው፤ ሲያዞረው አይቻለሁ። እጃቸው ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ሲወድቁም አልተወም። አራት ሰው ነው የያዘው። ሲያስወጡት ባጠገቤ አለፈ።

በማግስቱ ቤታችን ሥር ሁለት አዲስ ምሰሶ ተጋድሞ አገኘሁ። እናቴ ከማዶ ስትመለስ አጎት ሌርጌ ያመጣው ነገር አይተከልም ብላ ነበር። ግን ቤቱ ሊወድቅ ስለሆነ ተከልነው።

ኤፕሪል 3 ቀን አጎት ሌርጌ የቀረውን ልጁን ክላይን ይዞ ወደ ቀርከሃው መጣ። ክላይ ስድስት ዓመቱ ነው። ለታራሙ እንዲህ አላቸው፦

«ከሱ ሌላ የለኝም። ማንበብ አስተምሪልኝ። አውሮፕላን ሲመጣ ግን አንቺ ውጭ ነሽ።»

ታራሙ እሺ አሉ። አዲስ ጉድጓድ አልቆፈርንም፤ የድሮዎቹ ሮጠን የምንደርስባቸው ናቸው። አሁን ስንገባ ማንም አይቆጥርም፤ በትሬን እኔው ራሴ አቃጥያታለሁ።

ሐሙስ አውሮፕላኖቹ መጡ። ክላይን ይዤ ሮጥኩ። ሁላችንም ገባን፤ በአንዱ አሥር፣ በሌላው ሰባት፣ እንደተገኘ። ታራሙ ውጭ ቆሙ። የተቆረጠው ማንጎ ጋ ነው የቆሙት። ግቡ ብለን ጮኽን፣ ለመንናቸው፣ እንቢ አሉ። ክላይ ያለቅስ ጀመር። የአውሮፕላን ድምፅ ወደኛ ሲዞር ይታወቃል፤ ዞረ።

ያን ጊዜ አጎት ሌርጌ ከሄሉ ማሳ እየሮጠ መጣ። ታራሙን በዚያው በተሰበረው እጃቸው ያዛቸው። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አልጮኹም፤ ያን ቀን ጮኹ። ጎትቶ አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ እላያችን ላይ ወረወራቸው።

«አልማርኩሽም» አላቸው። «ግቢ።»

እሱ ግን አልገባም። ጀርባውን ሰጥቶን አፉ ላይ ቆመ፤ ከብርሃኑ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። አጎቴ ግባ አልኩት። አልዞረም። ቦታ ነበር። ተሳብኩና ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ። ዞሮ ማን እንደያዘው ሲያይ ረገጠኝ። አፌን ነው የረገጠኝ። ሁለት ጥርሴ ወለቀ፤ ደም አነቀኝ። አልለቀቅኩም። እንደገና ረገጠኝ። ታራሙ በግራ እጃቸው ወገቤን ያዙ፤ ሌሎቹ ታራሙን ያዙ፤ ሁላችንም ሳብን። ወደቀብን። ከዚያ ቦምቡ ወደቀ።

አፈሩ ረግፎ ሲያልቅ እሱ እላዬ ላይ ነበር፤ ከባድ ነው። የሚያለቅስ ሰው ያን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሲወጣ ክላይን አቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ፋሲካም ትናንት አለፈ፤ አለሁ።

ታራሙ እየመጡ ነው፣ ልጨርስ። እንዳልጽፍ ያሉኝ ስለ ጥርሴ እርስዎ እንዳያዝኑ ነው። አይዘኑ። ታራሙ ያሉኝን ሁሉ እንደማደርግ ለርስዎ ነግረውዎታል። ሐሙስ ዕለት ግን እግሩን ያዢው ያለኝ ሰው የለም። ማንም አላዘዘኝም።

ኤክሉ